የልምምድ ጠላ

[ላሊበላ። ከሰዓት በኋላ። ከፈንታው ቤት ደጃፍ፣ የድንጋይ አጥሩ ሥር። ፈንታው አስጎብኚ ነው፤ የማያውቀው ነገር የለም፤ ከሌለም አለ ይላል። ጋሻዬ ጎረቤቱና አብሮ አደጉ ነው፤ ለእንግዶች በቅሎ ያከራያል። ጋሻዬ ጉንጩን ነፍቶ፣ ዓይኑን አፍጥጦ ተቀምጧል።]

ፈንታው፦ በአፍንጫ ነው ያልኩህ! በአፍንጫ!

ጋሻዬ፦ [ትንፋሹን እንደያዘ በእጁ ይጠይቃል]

ፈንታው፦ ምን?

ጋሻዬ፦ [ፉፍ ብሎ ይለቃል] በየትኛው?

ፈንታው፦ በየትኛው ምን?

ጋሻዬ፦ በየትኛው ቀዳዳ? በቀኙ ነው በግራው?

ፈንታው፦ በሁለቱም ነዋ! አፍንጫህ ቤተ ክርስቲያን ነው እንዴ፣ ወንድ በዚህ ሴት በዚያ የሚባልበት?

ጋሻዬ፦ የግራው ከጉንፋኑ ወዲህ ተዘግቷል።

ፈንታው፦ እንግዲያው በተከፈተው ሳብ።

ጋሻዬ፦ በአንዱ ብቻ ከሳብኩ ግማሽ ነዋ የምረጋጋው።

ፈንታው፦ ኧረ በሥላሴ! አንተን ከማረጋጋት በቅሎህን ማረጋጋት ይቀላል።

ጋሻዬ፦ በቅሎዬማ ምን ያስጨንቃታል? ነገ ማኅበሩ የሚገባው እሷ ቤት አይደለም።

ፈንታው፦ አብሽር ብዬሃለሁ እኮ።

ጋሻዬ፦ ወንድማለም፣ አብሽር ማለት ለአንተ ቀላል ነው። ነገ ጊዮርጊስ ነው። አባቴ ካረፈ ወዲህ በሱ ቦታ ገብቼ ሳስተናግድ የመጀመሪያዬ ነው። ልቤ ከአልጋ ሳልወርድ ነው መምታት የሚጀምረው። ዝም ብዬ መድኃኒት ቤት ሄጄ አንድ ፍሬ ኪኒን ብገዛ ምናለበት?

ፈንታው፦ ኪኒን? ጤና ጣቢያ ሄደህ አልነበር? ሐኪሟ ምን አለችህ?

ጋሻዬ፦ ደኅና አድርጋ አየችኝ። “አሁን ኪኒን አያስፈልግህም” አለች። “ተራመድ፣ ቡና ቀንስ፣ በደንብ ተኛ፣ የልብህን ለሰው አጫውት፤ ካልተሻለህ ተመለስ፣ ያኔ እናያለን” አለችኝ።

ፈንታው፦ ታዲያ?

ጋሻዬ፦ መራመዱን እራመዳለሁ፤ ሥራዬ ነው። ቡናውንም ቀነስኩ። መተኛቱ ነው የቸገረኝ። ጽዋው ራስጌዬ ነው ያለው።

ፈንታው፦ ቢኖርስ?

ጋሻዬ፦ ያየኛል።

ፈንታው፦ ጽዋ ዓይን አለው?

ጋሻዬ፦ ያለፈው ወር ተረክቤ ቤቴ ካስገባሁት ጀምሮ ያየኛል። በነጠላ ሸፈንኩት።

ፈንታው፦ ተወህ?

ጋሻዬ፦ በነጠላው ውስጥ ያየኛል።

ፈንታው፦ [በረጅሙ ተንፍሶ] ስማ ጋሻዬ። ሐኪሟ የነገረችህ ልክ ነው። የቀረውን እኔ አስተምሬሃለሁ። እኔ በዚህ በጭንቀት ነገር ሠልጣኝ ነኝ።

ጋሻዬ፦ የት ነበር የሠለጠንከው?

ፈንታው፦ ጋሸና።

ጋሻዬ፦ መቼ?

ፈንታው፦ ባለፈው፣ ሄጄ ያደርኩ ጊዜ።

ጋሻዬ፦ ሚኒባሱ ተበላሽቶ ያደራችሁ ጊዜ?

ፈንታው፦ ሚኒባሱ ተበላሽቷል፤ እኔ ግን አልተበላሸሁም። ያደርንበት ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ሥልጠና ነበር። ትልልቅ ሰዎች ከአዲስ አበባ መጥተው ያሠለጥኑ ነበር።

ጋሻዬ፦ አንተንም አስገቡህ?

ፈንታው፦ መግባት ምን ያደርጋል? ዕውቀት በር አይጠይቅም።

ጋሻዬ፦ አልገባህም ማለት ነው።

ፈንታው፦ በመስኮቱ በኩል ቆሜ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰማሁ።

ጋሻዬ፦ መስኮቱ ክፍት ነበር?

ፈንታው፦ ገርበብ ብሏል።

ጋሻዬ፦ ታዲያ ግማሹን ነዋ የሰማኸው።

ፈንታው፦ ግማሹ ለአንተ ይተርፍሃል! ይልቅ የሰጠሁህን ሠርተሃል ወይስ አልሠራህም?

ጋሻዬ፦ ሠርቻለሁ። አንድም አላስቀረሁም።

ፈንታው፦ ትንፋሹን?

ጋሻዬ፦ ትንፋሹን እሑድ ቅዳሴ ላይ ሠራሁት።

ፈንታው፦ ቅዳሴ ላይ? ሌላ ቦታ አጣህ?

ጋሻዬ፦ ልቤ ሲመታ ሥራው አልክ፤ ልቤ ቅዳሴ ላይ መታ። ጋሼ ደጀንን ከሩቅ አየኋቸው። የማኅበሩ ሙሴ፣ አለቃው፣ እሳቸው አይደሉ? እሳቸውን ሳይ ማኅበሩ ትዝ አለኝ፣ ማኅበሩ ትዝ ሲለኝ ልቤ ተነሣ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ሳብኩ። ቀስ ብዬ አወጣሁ፣ “ሁሁሁሁ” እያልኩ።

ፈንታው፦ ድምፅ አውጣ ያለህ ማነው?

ጋሻዬ፦ በመስኮት ስትሰማ ድምፅ አልነበረውም?

ፈንታው፦ አልነበረውም!

ጋሻዬ፦ ድምፅ ከሌለው ታዲያ እንዴት ሰማኸው?

ፈንታው፦ [ራሱን ይዞ] ቀጥል።

ጋሻዬ፦ አጠገቤ የቆሙት ሁሉ ሸሹ። ዓይኔን ስገልጥ መምሬ ቢሆነኝ መስቀላቸውን ይዘው ፊቴ ቆመዋል። “ማነህ?” አሉኝ።

ፈንታው፦ ውይ!

ጋሻዬ፦ እኔም ገረመኝ። ክርስትና ያነሡኝ እሳቸው ናቸው፣ እንዴት ጠፋኋቸው? “ጋሻዬ ነኝ” አልኳቸው።

ፈንታው፦ አንተ ጅል! እሳቸው እኮ መንፈስ ያዘው ብለው፣ መንፈሱን ነው የጠየቁት!

ጋሻዬ፦ ያን ጊዜ እንዴት አውቄ? “የት ነው የያዝከው?” አሉ። “ማንን?” አልኩ። “ይሄን ልጅ!” አሉና ግንባሬን በመስቀሉ ነኩኝ። “ኧረ አባቴ፣ ከተወለደ ጀምሮ አብረን ነን” አልኳቸው።

ፈንታው፦ ለምን እንዲህ ትላለህ!

ጋሻዬ፦ እውነት ነዋ! ከዚያ ጮኹ። “ትወጣለህ ወይስ አትወጣም?” አሉ።

ፈንታው፦ ምን አልክ?

ጋሻዬ፦ “ቅዳሴው ሲያልቅ እወጣለሁ።”

ፈንታው፦ [በሳቅ ይንፈራፈራል]

ጋሻዬ፦ ሳቅ። እኔ ላይ ነው ጠበሉ የወረደው። ያውም በባልዲ። ያውም የጠዋት።

ፈንታው፦ [እንባውን እየጠረገ] ታዲያ ልብህስ?

ጋሻዬ፦ ልቤማ ወዲያው ዝም አለ። ቀዝቅዤ ስለተንቀጠቀጥኩ እሱን የማዳምጥበት ጊዜም አልነበረኝ።

ፈንታው፦ አየህ! ቀዝቃዛ ውኃ አንዱ ዘዴ ነው። እሱም በሥልጠናው ነበር።

ጋሻዬ፦ ለምን አስቀድመህ አልነገርከኝም?

ፈንታው፦ ተራው አልደረሰም ነበራ። እሺ፣ ሌላውስ? ሐሳብህ መሮጥ ሲጀምር ቆም ብለህ ዙሪያህን እይ፣ የምታየውን በስሙ ጥራ፣ በደንብ አስተውል ብዬህ ነበር።

ጋሻዬ፦ እሱንም ሠራሁት። እትዬ ይማርሽ አጥር ላይ ተደግፌ።

ፈንታው፦ የሰው አጥር ላይ?

ጋሻዬ፦ ሐሳቤ እዚያ ነዋ መሮጥ የጀመረው። ዙሪያዬን አየሁ። “ጥቁር በግ” አልኩ። “ነጭ በግ” አልኩ። “ግልገሏ ደግሞ እንዴት ወፍራለች” አልኩ።

ፈንታው፦ ወፍራለችን ምን አመጣው?

ጋሻዬ፦ አስተውል አልከኝ፣ አስተዋልኩ። እትዬ ይማርሽ ከቤት ብቅ አሉ። “አንተ ጋሻዬ! ምነው ከብቴን በዓይንህ ትለቅማለህ? እንትፍ በል!” አሉኝ።

ፈንታው፦ ቡዳ አደረጉህ በለኛ!

ጋሻዬ፦ “እንትፍ” አልኩ። “ግልገሏም ላይ!” አሉ። “እንትፍ።” “ዶሮዎቹንስ አላየህም?” አሉ። እውነቱን ለመናገር አላየኋቸውም ነበር፤ ሲሉኝ አየኋቸው። “እንትፍ።” “ጎመኑ ላይ!” “እንትፍ።” ምራቄ አልቆ ውኃ ለመንኳቸው።

ፈንታው፦ ሰጡህ?

ጋሻዬ፦ ሰጡኝ። ከዚያ ኩባያው ላይ እንትፍ አስባሉኝ።

ፈንታው፦ መቼም በዚህ አልቋል።

ጋሻዬ፦ የት ያልቃል? ማታውኑ ግልገሏን ሆዷን አሳመማት።

ፈንታው፦ ወየው!

ጋሻዬ፦ ጎመኑን ገብታ በልታ ነው። ግን ማን ይመነኝ? አሁን በሠፈሩ ሳልፍ እናቶች ልጆቻቸውን በነጠላ ይሸፍናሉ።

ፈንታው፦ ይሄ ጥሩ ነው።

ጋሻዬ፦ ምኑ ነው ጥሩው?

ፈንታው፦ ሰው ገለል ሲልልህ ጭንቀትህ ይቀንሳል።

ጋሻዬ፦ እህ! ነገ ማኅበርተኛው ሁሉ ልጁን ሸፍኖ ቤቴ ሲገባ ነዋ የሚቀንሰው!

ፈንታው፦ አትነጫነጭ። ዋናው ነገር አስታረቁህ?

ጋሻዬ፦ ራሴ ታረቅኩ። እትዬ ይማርሽን ቤቴ ጠራኋቸውና ከነገው ጠላ አንድ ዋንጫ ቀዳሁላቸው። እጄ ተንቀጥቅጦ ግማሹ ቀሚሳቸው ላይ ፈሰሰ። ይቆጣሉ ስል ሳቁ። “እጅህ የአባትህ እጅ ነው” አሉኝ።

ፈንታው፦ ምን ማለታቸው ነው?

ጋሻዬ፦ [ድምፁን ዝቅ አድርጎ] እኔም ጠየቅኋቸው። “አባትህ የማኅበሩ ቀን ጠዋት የት ነበር የሚሆነው?” አሉኝ። “ከበቅሎዋ ጋር፣ ጋጣ ውስጥ፤ ሲያበላት” አልኩ። “ሲያበላት አይደለም” አሉኝ። “ፈርቶ ነው። ማኅበርተኛው እስኪመጣ ጋጣ ገብቶ አንገቷን አቅፎ ይቆማል። እናትህ ናት ጎትታ የምታወጣው። ገና ከተጋቡበት ሰሞን ጀምሮ እስኪሸመግል ድረስ እንዲሁ ነው” አሉኝ።

ፈንታው፦ አባትህ? ያ ሙሉ ሰው?

ጋሻዬ፦ እኔም አላመንኩም። ማኅበሩ መሀል ቆሞ “እንኳን ደኅና መጣችሁ” ሲል ቤቱ የሚጠበው ሰው። ፈንታው፣ እውነቱን ልንገርህ? አለቀስኩ። ይሄን ሁሉ ጊዜ እኔ ብቻ የተበላሸሁ ይመስለኝ ነበር። ለካ አባቴም እየፈራ ነበር ያን ሁሉ ዓመት ስሙን ያቆመው። እየፈሩም ይቻላል ማለት ነው።

ፈንታው፦ [ጉሮሮውን ጠርጎ] ይሄም... ይሄም በሥልጠናው ነበር።

ጋሻዬ፦ አባቴ?

ፈንታው፦ አባትህ አይደለም፤ የልብን ማጫወቱ!

ጋሻዬ፦ እሱንማ ሐኪሟም ብላኛለች። ያንተው ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

ፈንታው፦ የቱ?

ጋሻዬ፦ “ከምትፈራው ነገር አትሽሽ፤ በትንሽ በትንሹ ተለማመደው፣ በየቀኑ ጨመር አድርግበት” ያልከኝ።

ፈንታው፦ [ደረቱን ነፍቶ] አዎ! የሁሉም አውራ እሱ ነው። እሱን ሲያሠለጥኑ መስኮቱን ገፋ አድርጌ ነው የሰማሁት።

ጋሻዬ፦ እኔ የምፈራው ምንድን ነው? ማኅበርተኛ ቤቴ ሞልቶ፣ እኔ መሀል ቆሜ ማስተናገድ። ስለዚህ ማኅበሩን ተለማመድኩ።

ፈንታው፦ እንዴት?

ጋሻዬ፦ በመጀመሪያው ቀን እትዬ ይማርሽ ብቻ ነበሩ። “ድገመኝ፣ ካልደገምከኝ እጅህ አይፈታም” አሉ፤ ደገምኳቸው። በማግስቱ ጨመር አድርግ ስላልክ እሳቸውንና ጎረቤታቸውን ሸጌን ጠራሁ። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ሸማኔዎቹን።

ፈንታው፦ ሸማኔዎቹን በሙሉ?

ጋሻዬ፦ አንዱን ነው የጠራሁት። ከዚያ በኋላማ መጥራትም አላስፈለገኝ። ወደ ማታ በሬ ላይ ቆመው “ጋሻዬ፣ ዛሬ ልምምድ የለም ወይ?” ይላሉ።

ፈንታው፦ [እየሳቀ] አንተም ታስገባለህ!

ጋሻዬ፦ ሕክምናዬ ነዋ! ያንን ሲሰሙ አዘኑልኝ። “ለጋሻዬ ጤና ሲባል ሥራ ቢፈታም ይፈታል” ብለው ከነዘመዶቻቸው መጡ። መምሬ ቢሆነኝም መጥተው ሁለት ዋንጫ ቀምሰው፣ “መንፈሱ በእርግጥ ለቆታል” ብለው መሰከሩልኝ። ትናንት ማታ ቤቱ ጢም አለ። መሀል ቆምኩ። “እንኳን ደኅና መጣችሁ” አልኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠ፣ እጄ አልተንቀጠቀጠ። ጥግ የተቀመጡት ሽማግሌ “ይሄ የአባቱ ልጅ ነው” ሲሉ ሰማሁ።

ፈንታው፦ [ብድግ ብሎ እያጨበጨበ] እሰይ! ዳንክ ማለት ነው! ያለ አንዲት ፍሬ ኪኒን! በእኔ ዘዴ!

ጋሻዬ፦ ዳንኩ። ጠላው ግን አለቀ።

ፈንታው፦ የቱ ጠላ?

ጋሻዬ፦ የነገው።

ፈንታው፦ ሁሉም?

ጋሻዬ፦ አተላው አለ። ልቤ በረጋ ቁጥር ጋኑ ይጎድላል፤ ልቤ ሙሉ በሙሉ ሲረጋ ጋኑ ሙሉ በሙሉ ባዶ ሆነ።

ፈንታው፦ ሚስትህ መነንስ ምን አለች?

ጋሻዬ፦ ዛሬ ጠዋት ጋኑን ዘቅዝቃ አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። ጋኑን መልሳ አቁማ ወደ ማጀት ገባች።

ፈንታው፦ አልተቆጣችም?

ጋሻዬ፦ አልተቆጣችም። እሱ ነው ያስደነገጠኝ። ድፎዋን እያቦካች ነው፣ ንፍሮው ተዘጋጅቷል፣ ሁሉም አለ። ጠላ የለም። ጠላ የሌለው ማኅበር ደግሞ ምን እንደሚባል ታውቃለህ። የአባቴ ስም ነገ በኔ ቤት ሲጠራ፣ “ልጁ ውኃ አጠጣን” ነው የሚሉት።

ፈንታው፦ [ተመልሶ ተቀምጦ፣ እግሩን አነባብሮ] ጋሻዬ፣ የአንተ ችግር ምን መሰለህ? ትንሹን ነገር ታገዝፋለህ። እኔ ብሆን ምንም አይመስለኝም።

ጋሻዬ፦ ምንም?

ፈንታው፦ እኔ የሰው ብዛት የሚያስጨንቀኝ ሰው ነኝ? አውቶቡስ ሙሉ ፈረንጅ አፋፍ ላይ አቁሜ ከጠዋት እስከ ማታ አናግራለሁ። ማኅበር ቢሆን፣ መቶ ሰው ቢመጣ፣ እጄን ኪሴ ከትቼ አስተናግዳለሁ። ያለ ዝግጅት! በአንድ ጀንበር!

ጋሻዬ፦ እኔም እንዲሁ ነው ያልኳቸው።

ፈንታው፦ ማንን?

ጋሻዬ፦ ጋሼ ደጀንን።

ፈንታው፦ [እግሩን አውርዶ] ሙሴውን? ምን ብለህ?

ጋሻዬ፦ “ጠላዬ አልቋል። የነገውን ማኅበር ፈንታው ይቀበለው። እሱ ቤት ጠላ አለ፣ እሱ ደግሞ ጭንቀት የሚባል ነገር አያውቅም” አልኳቸው።

ፈንታው፦ [ቀልድ መስሎት] ሂድ! እሳቸውስ?

ጋሻዬ፦ ሳቁ።

ፈንታው፦ እፎይ! ከሳቁማ አልተቀበሉህም።

ጋሻዬ፦ ስቀው ሲጨርሱ “ይሁን” አሉ። “ፈንታው ተራው በደረሰ ቁጥር ቱሪስት ይመጣበታል፤ ቱሪስት ከአገር በጠፋበት ዓመት እንኳ ለሱ አልቀረበትም። አሁን ግን ተገኘ!” አሉ።

[ፈንታው ለመነሣት ይሞክራል፤ መልሶ ይቀመጣል።]

ፈንታው፦ ነገ... ነገ እንግዳ አለብኝ።

ጋሻዬ፦ የየት አገር?

ፈንታው፦ የጀርመን።

ጋሻዬ፦ በስንት ሰዓት?

ፈንታው፦ ጣሊያኖቹ? ጠዋት ነው የሚገቡት።

ጋሻዬ፦ እሱንም ብለዋል። “ነገ እንግዳ አለብኝ ካለ፣ እንግዶቹንም ይዟቸው ይምጣ በለው” ብለዋል።

ፈንታው፦ ወይኔ! ጋሻዬ፣ ማኅበርተኛው ስንት ሰው ነው?

ጋሻዬ፦ ከነቤተሰቡ ወይስ ብቻውን?

ፈንታው፦ አትንገረኝ! ተወው! [ደረቱን ይዞ] ልቤን ምን ነካው? ስማው እስቲ። ይሰማሃል? ጋሻዬ፣ ያ መድኃኒት ቤት እስካሁን ክፍት ነው?

ጋሻዬ፦ ለምንህ?

ፈንታው፦ ለኪኒኑ!

ጋሻዬ፦ ሐኪሟ አያስፈልግም ብላለች እኮ።

ፈንታው፦ ለአንተ ነው ያለችው! እኔን መቼ አየችኝ!

ጋሻዬ፦ ሠልጣኝ አይደለህ እንዴ?

ፈንታው፦ በመስኮት ነው! በመስኮት ነው የሠለጠንኩት! ስለ ማኅበር ምንም አልተነሣም!

ጋሻዬ፦ አንተ ግን ያን ሁሉ ፈረንጅ አትፈራም።

ፈንታው፦ ፈረንጅ ምኑ ይፈራል? ብሳሳት አያውቅብኝ፣ ቢያውቅብኝ ነገ በአውሮፕላን ይሄዳል! ማኅበርተኛ ግን የት ይሄዳል? ጠላዬ ከቀጠነ፣ ንግግሬ ከተሰናከለ፣ እስክሞት አብሮኝ ይኖራል፤ ስሞት ደግሞ በልቅሶዬ ላይ ያወራዋል! [ድምፁ ተሰብሮ] እፈራለሁ ጋሻዬ። ሁልጊዜም እፈራ ነበር። ተራዬ ሲቃረብ የምደበቅበት ነው የምፈልገው። ሚስቴ ኤልሳቤጥም አታውቅም። ቱሪስቱን የምፈጥረው ለዚያ ነው።

ጋሻዬ፦ [ትከሻውን እየዳበሰ] አብሽር ወንድሜ። አብሽር።

ፈንታው፦ አብሽር አትበለኝ! መላ ፈልግ!

ጋሻዬ፦ እኔ ምን መላ አለኝ? አንተ ነህ አዋቂው።

ፈንታው፦ ቆይ... ቆይ! አንተ ቤት የጎደለው ምንድን ነው?

ጋሻዬ፦ ጠላ።

ፈንታው፦ ሌላ የጎደለ አለ?

ጋሻዬ፦ የለም።

ፈንታው፦ [ዘሎ ተነሥቶ] ጠላ እኔ ቤት አለ! ኤልሳቤጥ የጠመቀችው፣ ጋን ሙሉ! ውሰደው! ማኅበሩ እዚያው ባንተ ቤት ይሁን!

ጋሻዬ፦ የአማቶችህ አይደል? ከኮን ለሚመጡት?

ፈንታው፦ አማቶቼ የሚመጡት ገና የዛሬ ወር ነው። እስከዚያ ሌላ ይጠመቃል።

ጋሻዬ፦ ይቅር። ይሉኝታ ይዞኛል።

ፈንታው፦ ምን ይሉኝታ! ውሰድ!

ጋሻዬ፦ ኧረ ተው፣ ክብሩ ላንተ ይሁን። ማኅበር ቤትህ ሲገባ በረከት ነው።

ፈንታው፦ በረከቱን አንተ ውሰደው! በጊዮርጊስ ይዤሃለሁ!

ጋሻዬ፦ በጊዮርጊስ ካልክማ... ግን ጋኑ ከባድ ነው፣ ቢሰበር ኤልሳቤጥ ምን ትለኛለች?

ፈንታው፦ በጀሪካን እንገለብጠዋለን! ጀሪካን ፈልግ!

ጋሻዬ፦ ይዣለሁ።

ፈንታው፦ ማንቆርቆሪያስ?

ጋሻዬ፦ እሱንም።

ፈንታው፦ መጫኛስ?

ጋሻዬ፦ አህያዋ ከአጥሩ ጀርባ ቆማለች።

ፈንታው፦ ተመስገን! ምን ይሳንሃል! [እየሮጠ ይገባል፤ ጀሪካን ለጀሪካን እያመላለሰ አህያዋ ላይ ራሱ ይጭናል። ላብ በላብ ሆኖ ይመለሳል] በል፣ ያው ጋኑ ተራገፈ። አሁን ቶሎ ለጋሼ ደጀን ደውል። ማኅበሩ ባለበት ጸንቷል በላቸው። እዚሁ ደውል፣ እኔም ልስማ።

ጋሻዬ፦ ስልካቸው ዝግ ነው።

ፈንታው፦ እንግዲያው ሩጥና ቤታቸው ሂድ!

ጋሻዬ፦ ቤታቸውም የሉም። ሙጃ ናቸው፣ የእህታቸው ልጅ ሠርግ ላይ። ሰኞ እንደሄዱ አልተመለሱም፤ ነገ ለማኅበሩ ነው የሚደርሱት።

ፈንታው፦ እሺ፣ ነገ ሲመጡ... [ቆም ብሎ] ሰኞ?

ጋሻዬ፦ ሰኞ።

ፈንታው፦ ጠላህ ያለቀው ግን ትናንት ማታ ነው።

ጋሻዬ፦ ትናንት ማታ ነው።

ፈንታው፦ ታዲያ ጋሼ ደጀንን መቼ አገኘሃቸው?

ጋሻዬ፦ አላገኘኋቸውም።

ፈንታው፦ “ሳቁ” አላልከኝም?

ጋሻዬ፦ ቢሰሙ ይስቁ ነበራ።

ፈንታው፦ አህያዋስ? ጀሪካኑስ? [ወደ ቤቱ ዞሮ] ኤልሳቤጥ ይሄን ታውቃለች?

ጋሻዬ፦ ጀሪካኑን ያጠበችልኝ ማን መሰለህ? ቅድም ለጠላው ብጠይቃት፣ “እሺ እንዲል በማኅበሩ አስፈራራው፤ ከማኅበር በቀር የሚፈራው ነገር የለም” አለችኝ።

ፈንታው፦ አታውቅም ብዬ ነበር እኮ!

ጋሻዬ፦ ሠፈሩ በሙሉ ያውቃል።

ፈንታው፦ ዋሸኸኝ! አንተ! ጋሻዬ! ዓይኔን እያየህ፣ በጊዮርጊስ ዋዜማ፣ ዋሸኸኝ!

ጋሻዬ፦ [እጁን ቀስ ብሎ ደረቱ ላይ ያኖራል። ያዳምጣል። ፊቱ ይበራል።] ፈንታው! ፈንታው፣ እጅህን አምጣ፣ እዚህ ጋ አድርገው! ይሄን የሚያህል ውሸት ስዋሽ ውዬ ልቤ እኮ አንዴም ድው አላለ! [የአህያዋን ገመድ ይዞ እየሄደ] ድኛለሁ ወንድሜ! ለሐኪሟም ነግሬልህ አልፋለሁ!